ነገ ዓርብ ነው

ጸጋአብ እህቱን ራት የሚጋብዝበት ቤት የሚያውቃቸው ሰው ድርሽ የማይልበት መሆን ነበረበት። መካኒሳ አቦ ያለው የሰፈራቸው ሥጋ ቤት አይሆንም፤ ባለቤቱ ገና ከበር ማኑሄን ሲያያት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ይጠመጠምባታል። እሱ ራሱ የሚኖርበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር የተደረደሩት ምግብ ቤቶችም አይሆኑም፤ አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ለቅሶ ደርሰዋል። ቤት መብላትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሚስቱ አፀደ «እኔ ፊቷን አይቼ አያስችለኝም» ብላ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ሄዳለች። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ ከሀይሌ ጋርመንት ዝቅ ብሎ አንድ አዲስ አፓርታማ ሥር ጥሬ ዓሣ የሚበላበት ጠባብ ቤት መከፈቱ ትዝ ሲለው እፎይ አለ። የእድራቸው ሰው እዚያ ቤት አይገባም። ቢለምኑትም አይገባም።

አባታቸው ምትኩ ከሞተ ስድስት ወር አልፎታል። ማኑሄ ግን አልተነገራትም።

የሞተው በመጋቢት ነው፣ በሁዳዴ። ማኑሄ ያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ የአምስት ዓመት ትምህርቷን ልትጨርስ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ተደፍታ ነበር። ከቀብር መልስ እናታቸው ዘነቡና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ራጉኤል ሁለት ሆነው ነገሩን ጨረሱት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅቷ በሰው አገር፣ አይዞሽ ባይ በሌለበት፣ ብቻዋን አትሰማም። ትምህርቷን ትጨርስ፣ አገሯ ትግባ፤ ከዚያ በወጉ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ባለበት ይነገራታል። በዚህ ጉዳይ ጸጋአብን ያማከረው የለም። የሚዋሸው ግን እሱ ሆነ፤ ማኑሄ የምትደውለው ለእሱ ነዋ።

አባዬን አገናኘኝ ባለችው ቁጥር አንድ ነገር ይፈጥራል። መጀመሪያ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ተዘግቷል አላት። ቀጥሎ ስልኩ ተሰረቀ። ኋላ ከእማዬ ጋር ጸበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አያስገቡም የሚለው ተገኘና እሱው ላይ ጸና። እናትየው አልፎ አልፎ ከጸበሉ ወጣ ብላ የደወለች መስላ ታነጋግራታለች፤ ድምፅዋ መሰባበር ሲጀምር ኔትወርኩ ነው ብላ ትዘጋዋለች። ጸጋአብ በዚህ ሁሉ ወር ራሱን የሚያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው፦ «አባዬ አለ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጎን ጎኑን ነው የሄደው። ይህ ልዩነት ከእሱ በቀር ለማንም ልዩነት እንዳልሆነ አይጠፋውም። ቢሆንም ይዞት ነበር።

ማኑሄ እሱን ታምነዋለችና። ትንሽ ልጅ ሆና ክትባት ሊያስወጓት ጤና ጣቢያ ሲወስዷት፣ እናትና አባቷ «ምንም አያምም» እያሉ ሲያባብሏት፣ እጁን ጎትታ የጠየቀችው እሱን ነበር። እሱም «ያምማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል» አላት። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ማወቅ ስትፈልግ ሌላውን ሁሉ አልፋ እሱ ጋ ነው የምትመጣው። ነገ ጠዋት፣ መርዶው ከተነገራት በኋላ፣ ዓይኗ በሰዉ መሃል የሚፈልገው እሱን እንደሚሆን ያውቃል። የሚፈራው ያን ዓይን ነው።

ወደ አየር ማረፊያ ሲወጣ እናቱ ደውላ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችው።

«ሆዷን ሞልተህ አስተኛት። ነገ እህል በአፏ አይዞርም።»

ሐሙስ ነበር፣ መስቀል ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ማኑሄ ከስታ፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ ወጣች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ በትከሻው በላይ አሻግራ ማን አብሮት እንደመጣ አየች። ማንም አልነበረም። እማዬና አባዬ ነገ ጠዋት በማለዳ ከጸበል ይመጣሉ አላት። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለና መልሳ ፈገግ አለች።

መንገዱን ሁሉ ስታወራ መጣች። አውሮፕላን ውስጥ ክትፎ በሕልሟ እንዳየች፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አማርኛ መሆኑን ሳያውቅ በእንቅልፏ ስትናገር እንደሰማት ነገረችው። ጸጋአብ መኪናውን አቁሞ በምግብ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ መጋረጃ ሲያሳያት አፏን ከፍታ ቀረች።

«ሱሺ?» አለችው። «ከጃፓን ዛሬ ለመጣ ሰው?»

«ድንገት እንዳይናፍቅሽ ብዬ ነው።»

መኪናው ውስጥ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ከየት እንደመጣለት ለራሱም አልገባውም።

መጋረጃው አጭር ነው፣ ግን ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ውስጡ አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒና ከፊቱ የተደረደሩ ጥቂት ከፍ ያሉ በርጩማዎች ብቻ ናቸው። ከባንኮኒው ወዲያ ፍሮምሳ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረ ጎልማሳ ቆሟል። አፓርታማው የቆመበት መሬት የአያቱ የጤፍ ማሳ ነበር። እሱ ዶሃ ሄዶ ለአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ሩዝ ሲያጥብ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው ቢላ እንዲይዝ የተፈቀደለት። አሁን ሽማግሌው የሚሠራበትን ደንብ ሳያጓድል የራሱን ቤት ይዟል። ዝርዝር የሚባል ነገር የለውም። እንግዳው ይቀመጣል፤ ፍሮምሳ ሩዙን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ፣ ዓሣውን ደርቦ፣ አንዲት ጉርሻ ፊቱ ያስቀምጥለታል። እሷ ሳትበላ ሌላዋ አትሠራም።

ይህ አሠራር ጸጋአብን አስጨነቀው። እሱ የፈለገው ትሪ ሙሉ ምግብ ቀርቦ፣ እህቱ ስትጠግብ አይቶ፣ ተነሥቶ መሄድ ነበር። እዚህ ግን ምግቡ እንደ ክኒን በየተራ ይታደላል። በየጉርሻው መሃል ወሬ አለ፣ ወሬው ደግሞ በየት በኩል ቢጀመር መውጫው አባታቸው ነው።

ማኑሄ ፍሮምሳን በጃፓንኛ ሰላም አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ መለሰላትና፣ ጃፓንኛዬ እዚህ ላይ አለቀ፣ ከአሁን በኋላ ያለው ስድብ ብቻ ነው፣ ከአለቃዬ የተማርኩት እሱን ነበር አላት። ጸጋአብ ከፊቱ የተቀመጡትን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በጥርጣሬ ሲያያቸው፣ በእጅ መብላት ነውር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የዱሮው ደንብ በእጅ መሆኑን አስረዳው። ስለ ደንበኞቹም አጫወታቸው። አንዱ ለብ ለብ አድርግልኝ ብሎታል። ሌላው ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አውጥቶ ነስንሶበታል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ዓሣውን አንሥታ ሩዙን ብቻ በልታ፣ ወጡ ይቅርብኝ ብላ ሄዳለች። ማኑሄ ባንኮኒውን እየመታች ሳቀች።

ጸጋአብ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፉ ከተተ። የሌላ ሰው ቀዝቃዛ ምላስ ምላሱ ላይ ያረፈ መሰለው። ሳያላምጥ ዋጣት። ሁለተኛዋ ስትመጣለት ወደ እህቱ አዞራት።

«በሞቴ፣ ይቺን።»

ጎረሰችለት። ሦስተኛዋንም አጎረሳት። ፍሮምሳ ይህን አይቶ፣ ከዚያ በኋላ የጸጋአብን ድርሻ ራሱ እሷ ፊት ያስቀምጥ ጀመር።

«ምነው፣ ለገና ልታርደኝ ነው?» አለችው አፏ ሞልቶ።

«ከስተሻል።»

«አንተም እንደ እማዬ ሆንክ።» ጥቂት አየችው። «አርጅተሃል ጸጋዬ። ፂምህን ስትላጭ ደግሞ ይብሳል።»

ጠዋት ነበር የተላጨው፤ ስድስት ወር ያሳደገውን። አገጩን ዳበስ አደረገና ሥራ በዝቶ ነው አላት።

ከዚያ ስለ ራሷ ማውራት ጀመረች፤ በስልክ ያልነገረችውን። ፕሮፌሰሯ እዚያው ከተማ የውኃ ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቦታ አግኝቶላት ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፣ የምትወደው ሥራ። ክረምቱን ሁሉ ስታስብበት ከረመች። ሌሊት እሺ ብላ ትተኛለች፣ ጠዋት እምቢ ብላ ትነሣለች። በመጨረሻ ባለፈው ወር አይሆንልኝም ብላ ጻፈችላቸው። አሁንም አውሮፕላኑ ውስጥ ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳሳትኩ እያለች ነው የመጣችው። እዚህ ምን እንደምትሠራ አታውቅም፤ ማን እንደሚቀጥራት፣ የተማረችውን ማን እንደሚፈልገው አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው።

«አባዬ ደህና ቢሆን እዚያው እቀር ነበር» አለች። «ታሞ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ሳልቀመጥ... አልሆነልኝም። ልክ ነኝ አይደል?»

ጸጋአብ ያን ጊዜ እሷው በተራዋ ያጎረሰችው ጉርሻ አፉ ውስጥ ነበር። ዓሣውን ቢጠላውም አፉ ሙሉ በመሆኑ ፈጣሪውን አመሰገነ። ራሱን ነቀነቀላት፤ ልክ ነሽ እንደማለት። ማላመጡን አራዘመው። ፍሮምሳ የቀባበት አረንጓዴ ቅመም እንደ ሰናፍጭ አፍንጫውን ሰበረውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማኑሄ ሳቀችበት፣ ውኃ አቀበለችው።

ባለፈው ወር። ባለፈው ወር አባታቸው ሐውልቱ ቆሞለት ነበር። አንድ ቃል ቢነግራት፣ ሥራውን ትቀበለው ወይም ትተወው እሷ ታውቃለች። ቢያንስ የምታውቀውን አውቃ ነበር የምትመርጠው። ይህን ጸጋአብ ከዚያ ሰዓት በፊት አላሰበበትም። ሐዘኗን ብቻ ነበር የደበቋት የመሰለው።

ፍሮምሳ የመጨረሻውን አቀረበ፦ ስኳር ያለበት፣ በስሱ ተደራርቦ የተጠበሰ እንቁላል። አለቃው ራት የሚዘጋው በዚህ ነበር አለ። ማኑሄ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። ይሄን አባዬ ሲቀምሰው ማየት እፈልጋለሁ አለች። ጥሬ ዓሣውንም ብትወስድለት፣ አይቶ ምን እንደሚል፣ ይሄማ ገና አልሞተም ብሎ ውኃ ውስጥ መልሱት እንደሚል፣ የአባቷን ድምፅ አስመስላ ለፍሮምሳ ነገረችው። ጸጋአብ ድምፁን ሲሰማ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አባታችን ነገ ጠዋት ከጸበል ይመጣል፣ እስከዚያ የሚቆይ ነገር ካለህ ጠቅልልልኝ አለችው። ፍሮምሳ ጥሬው እንደማያድር፣ እንቁላሉ ግን ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ጠዋት ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ነገራት።

ጸጋአብ ነገሩ በዚህ ካለቀ ብሎ ተጣደፈ።

«እንቁላሉን ጠቅልልለት» አለ። «አባዬ እንቁላል ነፍሱ ነው።»

ይህ ውሸት አልነበረም። አባታቸው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቃሪያ የበዛበት እንቁላል ራሱ ጠብሶ፣ ከመጥበሻው ላይ እያጎረሰ ነበር ያሳደጋቸው። ፍሮምሳ ሣጥን ፍለጋ ጎንበስ አለ። ማኑሄ ግን ሻይዋን አንሥታ ሳትጠጣው መልሳ አስቀመጠችው።

«ነገ ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ማለት?»

«ቀኑ።»

ያን ጊዜ ገባው። የተናገረውን መልሶ መዋጥ ቢቻል በዋጠው።

«ዓርብ» አላት።

ምትኩ ዓርብን ገድፎ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ እሱ ቤት እንደ ግድግዳ ነበሩ። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም በሚለው ከዘነቡ ጋር ሲከራከሩ ነው ያረጁት፤ ዘነቡ አያስገድፍም ባይ፣ እሱ ያስገድፋል ባይ። በመጨረሻው ሕመሙ ሐኪሙ ወተት ሲያዝለት ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ ያለ ሰው ነው። እሱ ባለበት ቤት ነገ ዓርብ መሆኑን የሚረሳ የለም። ከማታው ጀምሮ ድስቱ ይታጠባል፣ እርጎው ይነሣል፣ ልጅ የተረፈውን ቅቤ በጣቱ ይጠርጋል። ከስድስት ወር ወዲህ ግን ለጸጋአብ ዓርብ እንደ ማንኛውም ቀን ሆኖ ቀርቷል። የሚያስታውሰው የለማ።

«ታሞ የለ» አለ ቶሎ ብሎ። «የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ነው።»

«አባዬ? ጸበል ገብቶ?»

ፍሮምሳ ሣጥኑን ይዞ ቀና ብሎ ነበር፤ ፊታቸውን አየና ወደ ጓዳው ገባ። ማኑሄ በርጩማዋ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ወንድሟ ዞረች። ልጅ ሆና ጤና ጣቢያው በር ላይ እሱን ያየችውም እንዲህ ነበር።

«ጸጋዬ፣ አባዬ አለ?»

ሊነግራት ፈለገ። አሁን በልታለች፣ የእናቱን ትእዛዝ ፈጽሟል፣ እዚሁ ቢነግራትስ? ግን እናቱ በሐሳቡ መጣችበት፤ ጥቁር ለብሳ መካኒሳ ቤቷ ተቀምጣ፣ ልጇን አቅፋ የምታለቅስበትን ጠዋት ስድስት ወር ስትጠብቅ የኖረች። ጋሽ ራጉኤል መጡበት። እህቱ እዚህ፣ በሰው ምግብ ቤት፣ እናቷ በሌለችበት ስትጮህ ታየው። አፉን ከፈተ።

«አለ» አለ።

«አባዬ ይሙት በል።»

ልጆች ሆነው በማን ሠራው ማን ሰበረው ሲካሰሱ ይህን ይምሉ ነበር፤ አባታቸውም ከውስጥ ሆኖ «እኔን በየቀኑ ለምን ትገድሉኛላችሁ» ይላቸው ነበር። አባት የሞተበት ሰው በአባቱ አይምልም። ማኑሄም የጠየቀችው ለዚህ ነው።

ጸጋአብ ባንኮኒው ላይ ያረፈውን እጁን አየ። ጣቱ ላይ ሩዝ ተጣብቋል።

«አባዬ ይሙት» አለ።

ማኑሄ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ባንኮኒው ዞራ የቀረላትን እንቁላል በእጇ አንሥታ በላች፣ ሻይዋን ጨረሰች። ፍሮምሳ ተመልሶ እንቁላሉን ሣጥን ውስጥ ሊያደርግ ሲል በእጇ አስቆመችው።

«ይቅር ወንድሜ» አለችው። «አባታችን ዓርብ አይበላም።»

ጀሞ እስኪደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ታክሲዎቹ መብራታቸውን አብርተው ተሰልፈዋል፤ ማኑሄ እነሱን ስታይ መጣች። ስለ አፓርታማዎቹ ጠየቀችው፣ ይሄኛው መቼ ተሠራ፣ ያኛውስ፤ መለሰላት። አምናኛለች ብሎ ለራሱ ነገረው። ቢያንስ ሆዷ ሞልቷል።

ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ራጉኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እናቱን ደግፈው ደረጃውን ወጡ። በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እህል ቀምሳ እንደሆነ ጠየቁት። ቀምሳለች፣ በደንብ በልታለች አላቸው። ትከሻውን መታ አድርገው መረቁት።

ማኑሄ የልጆቹ አልጋ ጠርዝ ላይ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። አልጋው አልተነካም። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የአፀደን ነጠላ አውርዳ ዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ጋሽ ራጉኤል ይህን ሲያዩ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ቢሆንም ወጉ ነውና ከሩቅ ጀመሩ። ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ፣ አባቷ ልጅ አስተምሮ በክብር ስለ መሸኘቱ ተናገሩ። ማኑሄ አላቋረጠቻቸውም። ሽማግሌውን እንዳታሳፍር ብላ ነው የሚመስለው፣ እስከ መጨረሻው ቃል ሰማቻቸው። ከዚያ ተነሣች። ጸጋአብ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር። በአጠገቡ አልፋ እናቷ ደረት ላይ ወደቀች፤ ጩኸቷን ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያልሰማ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ መካኒሳ ወሰዷት። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋት ተቀመጠች። የእድሩ ሰው እየገባ አቀፋት፣ እየወጣ ሌላው አቀፋት። ጸጋአብም ተራው ደርሶ አቀፋት፤ እንደ እንግዳ ጉንጯን ሰጠችው። ማልቀስ ሲደክማት ሐዘንተኛ እንደሚጠይቀው መጠየቅ ጀመረች። መቼ ነው የባሰበት፣ ማን ወሰደው፣ የት ነው ያረፈው፣ በየትኛው በኩል። እናቷን ያልጠየቀችውን ጋሽ ራጉኤልን፣ እሳቸውን ያልጠየቀችውን ጎረቤት ጠየቀች። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ነገራት። ስለ መጨረሻዋ ሌሊት እናቷን ስትጠይቅ እናትየው ወደ በሩ ጠቆመች።

«እሱን ጠይቂው ልጄ። አጠገቡ የነበረው ወንድምሽ ብቻ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጸጋአብ ዞረ።

ያን ሌሊት አባቱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርግልኝ ብሎት ነበር። ማኑሄ የላከችውን የድምፅ መልእክት፣ በረዶ እንደጣለ የምትነግረውን፣ ደጋግሞ ሰማ። ከዚያ «ጉንፋን ይዟታል፣ ድምፅዋ ልክ አይደለም። ንገራት፣ ደረብ አድርጋ ትልበስ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ጸጋአብ ይህን ለእናቱ እንኳ አልነገራትም፤ የማኑሄ ነው ብሎ አስቀምጦት ነበር። አሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

ማኑሄ ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሣችም።

«አንቺ ንገሪኝ እማዬ» አለች። «የምታውቂውን ያህል።»

እናታቸው ያላየችውን መናገር ጀመረች። በእንቅልፉ ነው አለች። አልተጨነቀም አለች። ምንም ሳይናገር ሄደ አለች። ማኑሄ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የእድር ሰው ለጸጋአብ ወንበር ለቀቀለት፤ ተቀመጠ።